«ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ይሸነፋል»

ደብዳቤው

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ባህር ዳር፣ ሽምብጥ የምኖር የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ሆነን አንድ የኢንተርኔት ጌም ጃም ላይ ተሳተፍን። ለማያውቀው፣ ጌም ጃም ማለት ርዕስ ይሰጥሃል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጨዋታ ሠርተህ ታስረክባለህ። ከዚያ ተሳታፊዎቹ አንዱ የሌላውን እየተጫወተ ነጥብና አስተያየት ይሰጣል።

እኛ የሠራነው ታወር ዲፌንስ ነው፤ በመንገድ የሚመጣን ጠላት መከላከያ እያቆምክ የምታስቆምበት ጨዋታ። እምቦጭ ከርብ ወንዝ አፍ ተነሥቶ ጣና ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ዓባይ መውጫ ይመጣል። ተጫዋቹ በሳንቲም ባለማጭድ ታንኳ፣ ባለመንሽ ታንኳ፣ የማጨጃ ማሽን ወይ እምቦጭ የሚበላ ጢንዚዛ እየገዛ መንገዱ ላይ ያቆማል። ኮዱን እኔ ጻፍኩ፤ ሥዕሉን እሱ ሣለ። ሰዎቹን በዘጌ ገዳማት ግድግዳ ላይ እንዳሉት ዓይናቸውን ትልልቅ አድርጎ ነው የሣላቸው። በጣም ያምራሉ።

አስተያየቱ መምጣት ሲጀምር ግን እንቅልፍ አጣሁ። «ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አልገባኝም።» «ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሌም እሸነፋለሁ።» «አንዱ ታንኳ እስከ የት ድረስ እንደሚደርስ አይታይም።» «ቀርፋፋ ነው፣ ማፍጠኛ ቁልፍ ጨምሩበት።» አንዱ ደግሞ «ሺህ ጊዜ ያየሁት ጨዋታ፣ ሐይቅ ተቀብቶበት» ብሎ ጻፈ። ይቺን በቃሌ እወጣታለሁ። «ካሬ ካሬ ማስጌጫዎቹ ደስ ይላሉ» ያለም አለ። እኛ ግን ምንም ካሬ አላስገባንም።

ጓደኛዬ ከእኔ በላይ ተናደደ። «ጣናን የማያውቅ ሰው ምን ይገባዋል? አንዲት ነገር እንዳትነኪ» አለኝና ተኳረፍን። አሁን ስልክ አያነሣም። እናቴ «ጨዋታውን ተይና ፈተናሽን አጥኚ» ትላለች። የባሰው ደግሞ ከፎገራ የመጣው አጎቴ ነው። ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ደስ ይለዋል ብዬ አሳየሁት። ትንሽ አየና ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ እምቦጭን ቆርጠሽ ውሃው ላይ ከተውሽው መች ይሞታል? ይበዛል እንጂ!» አለኝ። እሱ እንኳ ካልወደደው ለማን ነው የሠራሁት?

ላጥፋው ወይስ ላስተካክለው? ጓደኛዬንስ ምን ብዬ ላናግረው?

የእምቦጭ ጠላት፣ ከሽምብጥ

መልሱ

ውድ የእምቦጭ ጠላት፣

አታጥፊው። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ግን እጅሽን ከማጥፊያው ቁልፍ ላይ አንሺ። ለሦስት ቀን በቅጡ ያልተኛ ሰው፣ በዚያው ሳምንት የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉበትን ሲያነብ ከርሞ፣ ስለ ሥራው ትክክለኛ ፍርድ ይሰጣል ብዬ አላምንም። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተኝተሻል? የምር ነው የምጠይቅሽ።

መጀመሪያ በቃልሽ ስለምትወጫት ዓረፍተ ነገር እናውራ። ከዚያ ሁሉ አስተያየት መካከል አእምሮሽ ይቺን ብቻ መርጦ ያስቀረው ለምን ይመስልሻል? ሌሎቹን መልሰሽ አንብቢያቸው። ሌሎቹ ሲጫወቱ የደረሰባቸውን ነው የነገሩሽ፤ አልገባኝም፣ ተሸነፍኩ፣ አይታየኝም፣ ሰለቸኝ። ይሄኛው ስለደረሰበት ነገር ምንም አላለም። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ ታወር ዲፌንስ ሁሉ ሲገለጥ አንድ ነው። የሆነ ነገር በመንገድ ይመጣል፣ መከላከያ ታቆሚያለሽ፣ ሳንቲም ታገኛለሽ፣ ሌላ ትገዣለሽ። መጀመሪያ የተስፋፋው ተጫዋቾች ለስትራቴጂ ጨዋታዎች ራሳቸው በሠሯቸው ካርታዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ደግሞ በብሮውዘር የሚጫወቱት በዙ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ «ያየሁት ነው» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ስድቡን ተይው። ውስጡ ግን አንዲት ፍሬ ነገር አለች፤ አጎትሽ ጋ ስንደርስ አነሣታለሁ።

አስተያየት ሰጪዎቹ እነማን እንደሆኑም አትርሺ። እንደ አንቺው ሲያመሹ የከረሙ፣ ዓይናቸው የደፈረሰ ጨዋታ ሠሪዎች ናቸው። ብዙ ጨዋታ መሞከር ስላለባቸው ለእያንዳንዱ የሚሰጡት ደቂቃ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች እንጂ ጨዋታሽን በሙሉ አላዩትም። ይሄ ፍርድ አይደለም፤ ግን በጣም ይጠቅምሻል። የግቢ ጓደኞችሽ «አቦ ጎበዝ ነሽ!» ብለው ማኪያቶ ይጋብዙሻል። ፊትሽን የማያይ፣ ስሜትሽን ለመጠበቅ የማይጨነቅ ሰው ግን ሦስተኛው ዙር ላይ እንደተሸነፈ በግልጽ ይነግርሻል።

ታዲያ እንዴት ይነበባል? ሕመምተኛ የሚያመውን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃል፣ መድኃኒቱን ግን እሱ አያዝም። ተጫዋችም እንደዚያው ነው። «ሰለቸኝ» ሲልሽ እመኚው። «ማፍጠኛ ቁልፍ ጨምሩ» ሲልሽ ግን ቆም በይ። ለምን ሰለቸው? የእኔ ጥርጣሬ ይሄ ነው፤ ሳንቲም አልቆበት የሚሠራው ነገር ስለሌለ እምቦጩ ሲንሳፈፍ ቁጭ ብሎ ያያል። እንደዚያ ከሆነ ማፍጠኛው የሚያደርገው ቶሎ እንዲሸነፍ መርዳት ነው።

አሁን ይሄን ከሦስተኛው ዙር ጋር አያይዢው። ምናልባት ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ሕመም ናቸው። አንድ አዲስ ሰው ጨዋታሽን ሲከፍት ምን የሚገዛ ይመስልሻል? እኔ ብሆን ማሽኑን ነው የምገዛው፤ ትልቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ጥሩ ይመስላል። ከዚያ ኪሴ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ዙር የሚከፍለኝ ትንሽ ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ያለኝ ያለቦታው የቆመ አንድ ማሽን ብቻ። መጀመሪያ ላይ በአንዲት ግዢ ተሳስቼ፣ ያ ስሕተት ከብዙ ደቂቃ በኋላ ይገለኛል፤ ለምን እንደሞትኩም አይገባኝም። አንቺ ይሄን ልታዪው አትችዪም። ስትሠሪው ስንት ጊዜ ተጫውተሽዋል! መጀመሪያ ማጭድ፣ ቀጥሎ መንሽ መግዛት እንዳለብሽ እጅሽ ያውቃል። ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁሉ የራሱ ጨዋታ ይቀለዋል፤ ለዚህ ነው ለሌላው የሚከብደው።

መፍትሔው ብዙ መንገድ አለው። በመጀመሪያው ዙር ባለማጭዱን ብቻ እንዲገዛ አድርጊ፣ ማሽኑ ቆይቶ ይምጣ። ያለቦታው ያቆመውን ሲሸጥ ሙሉ ሳንቲሙን መልሺለት። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጥግ ላይ አሳዪው። ብቻ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትለውጪ። አንዱን ለውጪ፣ አንድ ሰው አጫውቺ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂጂ። አለበለዚያ የትኛው እንዳዳነው አታውቂም።

«እስከ የት ድረስ እንደሚደርስ አይታይም» ለሚለው ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ልክ ናቸው። ታንኳው ሲነካ ክብ ይታይ።

የካሬው ነገር ግን አሳቀኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። መመሪያውን በአማርኛ ጽፈሽዋል፣ አይደል? በብሮውዘር የሚከፈት ጨዋታ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አብሮ ካልገባ ፊደሎቻችን ባዶ ሳጥን ሆነው ነው የሚታዩት። አንቺ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ፎንቱ ስላለ በደንብ ይታይሻል። ያ ምስኪን ሰውዬ ሙሉ መመሪያሽን እንደ ጥልፍ አድንቆልሻል! «ምን ማድረግ እንዳለብኝ አልገባኝም» ያለውም ምናልባት ማንበብ ስላልቻለ ይሆናል። ሂጂና ላፕቶፑ ሌላ የሆነ ሰው ጋ ከፍተሽ እዪው። ከዚያ አማርኛውን አታውጪ፤ ፎንቱን አስገቢ፣ ከጎኑም እንግሊዝኛ የሚመርጥበት ቁልፍ ጨምሪ።

መመሪያውንም በዚያው አሳጥሪው። ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ የተባለውን ጨዋታ ታውቂው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ከአንቺው ጨዋታ ዘር የሆነ ነው። ሠሪው ጆርጅ ፋን እ.ኤ.አ. በ2012 በጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እናቱ ያን ጨዋታ እስከ መጨረሻው እንድትጫወተው እንዴት እንዳደረገ ተናግሮ ነበር። ከምክሮቹ አንዱ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ከስምንት ቃል በላይ እንዳይኖር ነው። ሌላው፣ ተጫዋቹ ከሚያነብ ይልቅ አንድ ጊዜ ራሱ ቢያደርገው ይሻላል የሚል ነው። የአንቺ መመሪያ ስንት ቃል ነው?

አሁን ወደ አጎትሽ እንምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ቆም ብዬ ያነበብኩት ይሄን ነው።

«እሱ እንኳ አልወደደውም» ብለሻል። እኔ የጻፍሽውን ሳነብ አልወደድኩትም ሲል አልሰማሁም። ሳቀ፤ ከዚያ ተከራከረሽ። ሰው ግድ ከማይሰጠው ነገር ጋር አይከራከርም። ስክሪኑ ላይ ያየው ሥዕል ሳይሆን የሚያውቀው እምቦጭ ስለሆነ ነው «እንዲህ አይደለም» ያለሽ። ደግሞም ልክ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ እሱና ጎረቤቶቹ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ተቆርጦ የተተወ ቁራጭ እንደገና ሥር አውጥቶ ያድጋል። ከአንዱ ተክል ጎን ሌላው ይወለዳል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ለዚህ ነው ተነቅሎ ወደ ዳር ወጥቶ የሚደርቀው። ነፋስ ደግሞ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ይገፋዋል።

ያቺ ያልኩሽ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ናት። የአንቺ እምቦጭ እንደ ማንኛውም ጨዋታ ወታደር ነው የሚሞተው፤ ይመታል፣ ይጠፋል። ያ ክፉ ተናጋሪ «ሐይቅ ተቀብቶበት» ያለው ለዚህ ይሆናል። አጎትሽ ግን ሳያስበው አዲስ ሕግ ሰጥቶሻል። ባለማጭዱ ሲቆርጠው ለሁለት ቢከፈልስ? ቁራጮቹን ወደ ዳር የሚያወጣ ባለመንሽ አጠገቡ ከሌለ ሁለቱም አድገው ቢመጡስ? ያኔ ተጫዋቹ ማጭድ ብቻ ደርድሮ አያሸንፍም፤ የቱን ከየቱ አጠገብ እንደሚያቆም ማሰብ አለበት። ጢንዚዛውም በአንድ ምት የሚገድል ሳይሆን ቅጠሉን እየበላ ቀስ በቀስ የሚያዳክም ይሁን፤ እውነተኛውም እንደዚያ ነው የሚሠራው። በየዙሩ የነፋሱ አቅጣጫ ቢቀየር ደግሞ መንገዱ ራሱ ይለወጣል። ይሄን ጨዋታ ማንም ሺህ ጊዜ አላየውም። እኔ ለምሳሌ ጨዋታ ብዙም አይሆንልኝም፣ ይሄን ግን እጫወተው ነበር።

ስለዚህ አጎትሽ በድጋሚ ሲመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፑን ስጪው። አንቺ ከጎኑ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ «እሱን አይደለም፣ ያኛውን ንካ» ማለት ያምርሻል። አትበዪ። እጁ የት እንደሚሄድ፣ የት ጋ እንደሚቆም፣ የት ጋ እንደሚስቅ እዪ። ሲጨርስ «ወደድከው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ለሰው ፊት ብሎ «አዎ» ይልሻል። «እዚህ ጋ ምን ልታደርግ ነበር?» በዪው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ጃሞች ከማስረከቢያው ሰዓት በኋላ ብልሽት ማረም ይፈቅዳሉ፣ አዲስ ነገር መጨመር ግን አይፈቅዱም። ያንቺን ደንብ አንብቢ። የፎንቱ ነገር ብልሽት ስለሆነ ምናልባት አሁኑኑ ይፈቀድ ይሆናል። የሚከፈለው እምቦጭና ነፋሱ ግን ለሁለተኛ ቅጂ ይቆዩ። ያስረከባችሁት እንዳለ ይቀመጥ፣ አዲሱን ለብቻው አውጪው።

ይሄ ደግሞ ለጓደኛሽም መልስ ይሆናል። «አንዲት ነገር እንዳትነኪ» ያለውን አክብረሻል፤ የመጀመሪያው አልተነካም።

ስለ እሱ ግን የገረመኝ ነገር አለ። የጻፍሽልኝን አስተያየቶች መልሼ አየኋቸው። ሥዕሉን የነቀፈ አንድም ሰው የለም። ተመሰገነ እንጂ! ቅሬታው ሁሉ ያረፈው ባንቺ ሥራ ላይ ነው፤ ሳንቲሙ፣ ዙሩ፣ መመሪያው። ታዲያ እሱ ካንቺ በላይ ለምን ተናደደ? ያቺን ዓረፍተ ነገር ስታነቢ አጠገብሽ ነበር? ፊትሽን አይቷል? እኔ ሳስበው፣ «ጣናን የማያውቅ ምን ይገባዋል» ያለው ምናልባት ለአንቺ ተቆርቁሮ ነው። ተቆርቋሪነቱ በቁጣ ወጣ፤ አንቺ ደግሞ «ላስተካክለው» ስትዪ ከእነሱ ጋር የወገንሽ መሰለው። ሌላም ሊሆን ይችላል። ስንት ሌሊት ያመሸበት ሥዕል ላይ ክብና ቁጥር ሲደረደርበት ታይቶት ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። የትኛው ይመስልሻል?

በቴክስት አትጨቃጨቂው። ስልክ ካላነሣ ቤቱ ሂጂ፤ የልጅነት ጓደኛሽ ነው፣ እናቱ በር አይዘጉብሽም። ይዘሽው ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ፣ እየሄዳችሁ አውሩ። የአስተያየቱን ዝርዝር ይዘሽ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ጨዋታውን ተይና «ሰሞኑን ከፋኝ፣ አንተም እንደከፋህ አየሁ» በዪው። እሱ ይናገር። ከዚያ የአጎትሽን ነገር ንገሪው፤ እንደሚስቅ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ ጠይቂው፦ «ታንኳው እስከ የት እንደሚደርስ ማሳየት አለብኝ፣ ግን ሥዕልህን እንዲያበላሽ አልፈልግም። አንተ ብትስለው ምን ይመስል ነበር?» ምናልባት የተዘረጋ መረብ ይሥላል፣ ምናልባት ውሃው ላይ የሚሰፋ ክብ። እሱ ያምጣው።

እምቢ ቢልስ? ሥዕሉ የእሱ ነው። ያለ ፈቃዱ አዲሱ ቅጂ ውስጥ አታስገቢው። አንቺ ግን ሕጎቹን በተራ ክብና አራት ማዕዘን ሠርተሽ መሞከር ትችያለሽ። ብዙ ጨዋታ የሚጀመረው እንደዚያ ነው። ሲያየው ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል፣ ላይቀይርም ይችላል። በዚህ ጨዋታ ባትስማሙ እንኳ ጓደኝነታችሁ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ፣ አይደል? እንግዲያው ይሄንንም ንገሪው። ወንዶች አንዳንዴ በግልጽ ካልተነገራቸው አይገባቸውም።

አስተያየት ለሰጡት ደግሞ አጭር መልስ ጻፊ። ራስሽን አትከላከዪ፣ ስለ ጣናም ትምህርት አትስጪ። አመስግኚና ጥያቄ ጠይቂ። ሦስተኛው ዙር ላይ የተሸነፈውን «መጀመሪያ የገዛኸው ምንድን ነው?» ብለሽ ብትጠይቂው ጥርጣሬዬ ልክ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ታውቂያለሽ። ለዚያ ለክፉው መልስ የግድ አይደለም።

እናትሽ? እናትሽ ልክ ናቸው፤ ስለ ጊዜው ማለቴ ነው። ፈተናው ቀን አለው፣ እምቦጩ ግን ይጠብቅሻል። «ፈተናው እስኪያልቅ ኮድ አልነካም፣ ከዚያ በኋላ ግን ማታ ማታ እሠራለሁ» ብለሽ ቃል ግቢላቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ፎንቱን ብቻ ዛሬ ማታ አስገቢው። ነጥብ አሰጣጡ ሳይዘጋ ቢያንስ መመሪያሽን ያንብቡት።